ድንገት ስትጎዱ የቱ በር ይንኳኳ? ለሰሜን ሸዋ ሰው የተዘጋጀ የጤና ጣቢያና የክሊኒክ መመሪያ

በአጨዳ ወቅት ማጭድ ጣት ይቆርጣል። ደብረ ብርሃን ላይ ባጃጅ ይገለበጣል፣ የጋሪ ፈረስ ይራገጣል። መንዝ ውስጥ ዳዴ የሚል ሕፃን ምድጃ ይነካል። ወደ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ወረድ ሲባል ደግሞ ጊንጥ አለ፣ እባብ አለ፣ ወባ አለ። አብዛኛው እንዲህ ያለ ጉዳት ሰው አይገድልም። የሚያከፋው መዘግየቱ ነው።

እኛ ጋ ሁለት ልማድ አለ። አንዱ «እስኪ ይደር» እያሉ ገበያ ቀን መጠበቅ ነው። ሰውየው ሰኞ ተቆርጦ ቅዳሜ ለገበያ ሲወጣ በዚያው ጤና ጣቢያ ጎራ ይላል። ቁስሉ ግን እስከዚያ መግል ይዟል፣ የመሰፊያው ጊዜም አልፏል። ሌላው ልማድ አጠገብ ያለውን ጤና ጣቢያ አልፎ በቀጥታ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል መሮጥ ነው። እዚያ ደግሞ ትንሽ ቁስል የያዘ ሰው ነፍስ ከሚያድኑ ሐኪሞች በር ላይ ሲጠብቅ ይውላል። ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ ይህን ያዙልኝ፦ ቀላል የሚመስል ጉዳት በዚያው ቀን፣ ቅርብ ባለው ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ ይታይ።

1. የትኛው ምን እንደሚሠራ እወቁ

ጤና ኬላ በቀበሌ ደረጃ ያለ ነው። አንዱ ኬላ እስከ 5,000 ሰው እንዲያገለግል ታስቦ የተሠራ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የመጀመሪያ እርዳታ ትሰጣለች፣ ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ኦአርኤስ ትሰጣለች፣ ቆላ ከሆነ ወባ ትመረምራለች። ቁስል መስፋት ግን የእሷ ሥራ አይደለም።

ጤና ጣቢያ የዚህ ጽሑፍ ዋና ቦታ ነው። ገጠር ውስጥ አንዱ እስከ 25,000 ለሚደርስ ሰው የሚሠራ ነው። ነርስ አለ፣ ጤና መኮንን አለ፣ ላብራቶሪ አለ። ቁስል ይሰፋል፣ ይታሸጋል። አብዛኛውን ጊዜ ራጅ የለውም። መደበኛ ሥራው እንደ ሌላው መሥሪያ ቤት ጠዋት 2፡30 ይጀምርና ማታ 11፡30 ያበቃል። ከዚያ በኋላ ግን ተረኛ ያድራል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ሌሊት በሩ ተዘግቶ ብታገኙት ዘበኛውን ቀስቅሱ፣ «ተረኛው የት ነው?» በሉ። ምሳ ሰዓትም እንደዚያው ነው።

የግል ክሊኒክ ከተማ ላይ አለ። ሰሌዳው ላይ «መካከለኛ ክሊኒክ» የሚል ብታዩ ከመለስተኛው የበለጠ ባለሙያና ምርመራ እንዳለው ያመለክታል። ወረፋው አጭር ነው፣ ቅዳሜና እሑድም ይሠራል። ክፍያው ግን ከኪሳችሁ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አብዛኛውን ጊዜ ውል ከያዘው የመንግሥት ተቋም ውጪ አይሸፍንም። ገንዘብ ካላችሁና ከቸኮላችሁ ክሊኒክ ጥሩ ነው። መድህን ካላችሁ ግን ለሦስት ስፌት ብላችሁ ብር የምታወጡበት ምክንያት አይታየኝም።

ሆስፒታል ለከባዱ ነው። ደብረ ብርሃን ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ለመንዝ ሰው መሐል ሜዳ፣ ለመርሐቤቴ ዓለም ከተማ ያለው እናት ሆስፒታል፣ ለምንጃር አረርቲ፣ ወደ ቆላው ደግሞ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ አሉ።

2. ቀላል ያልሆነውን ለዩ

ከዚህ በታች ያለውን ስታዩ ስለ ወረፋም ስለ ካርድም አታስቡ፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። አስር ደቂቃ ሙሉ ተጭናችሁት የማይቆም ደም። ደረት ወይም ሆድ ውስጥ የገባ ቁስል። አጥንቱ የታየ ወይም ቅርጹ የተጣመመ እግርና እጅ። ራሱን የሳተ፣ ከወደቀ በኋላ ደጋግሞ ያስመለሰ፣ ወይም የተምታታበት ሰው። ድንገት አፉ የተጣመመ ወይም አንድ ጎኑ የከዳው። ትንፋሽ ያጠረው። ደረቱን ጨምድዶ የያዘው። እባብ የነከሰው። ፀረ ተባይ፣ በረኪና ወይም ላምባ የጠጣ። የምትደማ ነፍሰ ጡር። ጡት እምቢ ያለ ወይም የሚያተኩሰው አራስ ሕፃን። የሚያንቀጠቅጠው ልጅ።

ለቃጠሎ መለኪያ አለ። የተጎዳው ሰው የራሱ መዳፍ ከነጣቶቹ የሰውነቱ አንድ በመቶ ያህል ነው። ከጥቂት መዳፍ በላይ ከተቃጠለ፣ ወይም ቃጠሎው ፊት፣ እጅ፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት ላይ ከሆነ ለጤና ጣቢያ አይተውም።

ሆስፒታል ሩቅ ከሆነባችሁ ግን፣ ለምሳሌ ከመንዝ ገደል ሥር ካላችሁ፣ ከባዱም ቢሆን መጀመሪያ ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። እዚያ ደም ያቆማሉ፣ ግሉኮስ ይሰቅላሉ፣ አምቡላንስ ይጠራሉ። የወረዳችሁን አምቡላንስ ስልክ ዛሬውኑ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ተቀብላችሁ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ አጭር ቁጥር 907 ነው።

ስለ ከሰል ለብቻው ልናገር። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሰው የከሰል ማንደጃ መኝታ ክፍል ውስጥ አስገብቶ በር ይዘጋል። ከዚያ ቤተሰብ በሙሉ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መፍዘዝ ይይዘዋል። ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትምም። ይህ ሲሆን ሎሚ ማሽተት ወይም ወተት ማጠጣት አያድንም። በሩን ከፍታችሁ ሁሉንም ወደ ደጅ አውጡ። መድኃኒቱ ኦክስጅን ስለሆነ ራሱን የሳተውን ወደ ሆስፒታል አድርሱ።

3. ከቤት ሳትወጡ የሚሠራ

ቁስል ከሆነ እጠቡት። ንጹሕ ውኃ በብዛት፣ ከተገኘ ሳሙና። አፈርና ጭድ እስኪለቅ ድረስ። ቡና፣ ሸረሪት ድር፣ ቤንዚን፣ ጭቃ፣ ቅቤ፣ ቅጠል አትጨምሩበት። ባለሙያው ስፌት ከመጀመሩ በፊት ያንን ሁሉ ፍቆ ማውጣት አለበት፣ ሕመሙም የእናንተው ነው። ደም ከፈሰሰ ንጹሕ ጨርቅ ደራርባችሁ በእጅ ተጫኑ። ቆሟል ወይ ብላችሁ በየደቂቃው አትክፈቱት። በገመድ ጥርቅም አድርጎ ማሰር ጣት ያሳጣል።

ቃጠሎ ከሆነ ለ20 ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ይውረድበት። 20 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ልጁም ያለቅሳል። ቢሆንም ቤት ውስጥ ከሚደረገው ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። ቀለበትና አምባር ሳያብጥ አውልቁ። ውኃ የቋጠረውን አታፍርጡ። የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላልና ሊጥ ይቅር። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፈን አድርጋችሁ ሂዱ።

ነስር ከያዘው ሰው ራስ ላይ ውኃ ማፍሰስ የተለመደ ነው። የሚጠቅመው ግን ወደፊት ጎንበስ ብሎ የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል ለ10 ደቂቃ ቆንጥጦ መያዝ ነው። ወደ ኋላ ማንጋጠጥ ደሙን ወደ ጉሮሮ ይልከዋል።

አውድማ ላይ ገለባ ዓይን ውስጥ ከገባ አትሹት። በንጹሕ ውኃ አጥቡት። ካልወጣ፣ ወይም ዓይኑ ቀልቶ ብርሃን ካስጠላው በዚያው ቀን ይታይ። በምላስ ማውጣት የሚባለውን ተዉት።

እባብ ከነከሰ አትብጡ፣ አትምጠጡ፣ በገመድ አትሰሩ። የተነከሰው ሰው እንዳይራመድ አድርጉ፤ በቃሬዛ ወይም በመኪና ውሰዱት። ላምባ የጠጣን ልጅ በግድ አታስመልሱት፤ ሲያስመልስ ሳንባው ውስጥ ይገባል።

4. ምን ይዘን እንሂድ?

የጤና መድህን ደብተራችሁን፣ መታወቂያ፣ የቆየ የሕክምና ካርድ ካለ እሱን፣ የሚወሰድ መድኃኒት ካለ ከነፓኬቱ። ትንሽ ብር። አንድ ሰው አብሯችሁ ይሂድ፤ ስማችሁን የሚናገርላችሁ፣ መድኃኒት ሊገዛ የሚሮጥ።

መድህኑ በየዓመቱ መታደስ አለበት። ያልታደሰ ደብተር ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ምንም አይሠራም። እድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆቻችሁ በእናንተው ደብተር ይሸፈናሉ፤ ስማቸውና ፎቷቸው በትክክል መኖሩን አሁን ገልጣችሁ እዩ።

ገንዘብ የለኝም ብላችሁ ከቤት አትቅሩ። ድንገተኛ ሕክምና ቅድሚያ ካልተከፈለ ተብሎ የሚከለከል አይደለም። የመኪና አደጋ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ተጎጂው የድንገተኛ ሕክምና የሚያገኝበት የሦስተኛ ወገን መድን አለ፤ አዋጁ ሲወጣ ጣሪያው 2,000 ብር ነበር። ስለዚህ የመኪናውን ታርጋ መዝግቡ፣ ትራፊክ ፖሊስም ይወቅ።

5. ግቢው ውስጥ

የተለመደው መንገድ ካርድ ክፍል፣ ከዚያ ልየታ፣ ከዚያ የሕክምና ክፍል ነው። ደም የሚፈሰው ወይም የተቃጠለ ሰው ግን ካርድ ክፍል ወረፋ መያዝ የለበትም። በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ወይም ወደ ቁስል ማሸጊያው ግቡ፤ አብሯችሁ የመጣው ሰው ካርዱን ያውጣ። ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም። «እህቴ፣ ይሄ ልጅ ተቃጥሏል፣ ቶሎ እይልኝ» ማለት ነውር አይደለም። በተቃራኒው እናንተ ቀድማችሁ ደርሳችሁ ከኋላችሁ የሚያጣጥር ሰው ሲመጣ እሱ ቢቀድም አትቆጡ። ልየታ የሚባለው ለዚህ ነው።

ባለሙያው ፊት ስትቀርቡ ከቁም ነገሩ ጀምሩ። ምን ሆነ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ በምን። «ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ማጭድ ቆረጠኝ፣ በሳሙና አጥቤዋለሁ» ካላችሁ ነርሷ ግማሹን ሥራ ጨርሳለች። ሰዓቱን በትክክል ተናገሩ። ከዚያ ሳትጠየቁም ቢሆን እነዚህን ንገሩ፦ ፔኒሲሊን ወይም ሌላ መድኃኒት የማይስማማችሁ ከሆነ፣ እርግዝና ካለ፣ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የጨጓራ ወይም የኩላሊት ችግር ካለ። የሐበሻ መድኃኒት ጠጥታችሁም ከሆነ አትደብቁ። የሚቆጣችሁ ቢኖር እንኳ ቁጣው ያልፋል፤ የተደበቀው መድኃኒት ግን ከሚሰጣችሁ ጋር ሊጋጭ ይችላል።

ቆላ ከርማችሁ ደብረ ብርሃን መጥታችሁ ትኩሳት ከያዛችሁ «ሸዋ ሮቢት ነበርኩ» በሉ። ደጋ ላይ ያለ ባለሙያ ወባን ቀድሞ ላያስብ ይችላል። የደም ምርመራው ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው።

6. ስፌትና መንጋጋ ቆልፍ

ንጹሕ ቁስል በመጀመሪያዎቹ 6 እስከ 8 ሰዓታት ውስጥ ቢሰፋ ጥሩ ነው። ፊት ላይ ያለ ቁስል ትንሽ ቢዘገይም ይሰፋል፤ የደም ዝውውሩ ጥሩ ነው። የቆየና የቆሸሸ ቁስል ከሆነ ባለሙያው ሳይሰፋ ክፍት ሊተወው ይችላል። ይህ ቸልታ አይደለም። ቆሻሻ ቁስል ላይ ስፌት መዝጋት መግሉን ውስጥ መቅበር ነው።

ከስፌቱ በፊት ማደንዘዣ ይሰጣችኋል። ጣትና እጅ ሲቆረጥ ከመስፋቱ በፊት ጣቶቻችሁን እንድታጥፉና እንድትዘረጉ ሊጠይቃችሁ ይገባል። ካልጠየቀ እናንተው አሳዩት፤ የማይታጠፍ ጣት ካለ ጅማት ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። እሱ የሆስፒታል ጉዳይ ነው።

መንጋጋ ቆልፍን (ቴታነስን) ሰው ይረሳዋል። ጀርሙ አፈርና የከብት፣ የፈረስ ፍግ ውስጥ ይኖራል። የእኛ ገበሬ ደግሞ ባዶ እግሩን ፍግ ይረግጣል። ሴቶች በእርግዝና ጊዜ ክትባቱን ስለሚወስዱ የተሻለ ጥበቃ አላቸው። የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም አገራችን ውስጥ የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው፤ ገጠር ድረስ ለመዳረስም ዓመታት ፈጅቷል። ስለዚህ ዕድሜው ገፋ ያለ የገጠር ወንድ አንዴም ሳይከተብ የኖረ ሊሆን ይችላል። አባታችሁን፣ አጎታችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ «መንጋጋ ቆልፍ ተከትቦ አያውቅም» ብላችሁ ራሳችሁ አንሱት። ቲኤቲ የሚባለው፣ የመንጋጋ ቆልፍን መርዝ የሚያከሽፈው መርፌ ከታዘዘ መጀመሪያ ጥቂት ቆዳ ሥር ተወግቶ ይታያል። የሚሠራው ከፈረስ ደም ስለሆነ አንዳንዱን ሰው ያስቆጣል። ከተወጋችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ግቢው ውስጥ ቆዩ።

መርፌ ካልተወጋሁ አልታከምኩም ማለት ግን ይቅር። ታጥቦ በደንብ የተሰፋ ንጹሕ ቁስል ሁሉ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት አይፈልግም። ከታዘዘላችሁ ደግሞ ሲሻላችሁ አታቋርጡ።

7. ውሻ ሲነክስ

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከጀመረ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ከመጀመሩ በፊት ግን ይከላከሉታል። ቁስሉ ጭረት ብቻ ቢሆንም ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ እጠቡ። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ክትባቱ በሁሉም ጤና ጣቢያ አይገኝም። ከሌለ «የት ይገኛል?» ብላችሁ እንዲደውሉላችሁ ጠይቁ፣ ሪፈር አጽፉ። ክትባቱ አንድ ጊዜ ተወግቶ የሚያልቅ አይደለም፤ የቀጠሮውን ቀኖች አንዱንም አትዝለሉ።

ውሻው የሚታወቅ ከሆነ አትግደሉት። አስራችሁ ለ10 ቀን ተመልከቱት። ይህን ስታደርጉ ግን ክትባቱን አታዘግዩ፤ ውሻው ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ባለሙያው ቀሪውን ያቆመዋል።

ጠበል መሄድ የሚፈልግ ይሂድ። እምነታችንን ማንም አይነካብንም። ጠበሉም ክትባቱም አብረው ይሄዳሉ፤ ክትባቱን ትቶ የሄደ ሰው ግን በሕይወቱ ይቀጣል። ይህን ለጎረቤቶቻችሁም ንገሩልኝ።

8. ወጌሻ ወይስ ራጅ?

ወለምታን ብዙ ወጌሻ ይችልበታል፣ አልክድም። ስብራት ግን ሳይታይ አይታሽ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ስብራት ከተጠረጠረ ራጅ ወዳለበት ሪፈር ይጽፋሉ። የምፈራው ቀርከሃውን ነው። በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ እጅ ያብጣል፣ ደም አይዘዋወርም፣ ከዚያ ይሞታል። ለቀላል ስብራት ሄደው ክንዳቸውን ያጡ ልጆች አሉ። ብዙዎቹ ጀሶ ቢደረግላቸው ከሳምንታት በኋላ ኳስ ይጫወቱ ነበር።

የታሰረ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ወጌሻም ይሰረው ሆስፒታል፣ ጥፍሩን ተጫኑና ልቀቁ። ነጣ ብሎ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ወደ ቀለሙ ካልተመለሰ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ፣ ወይም ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ ከጨመረ ማሰሪያውን አላሉትና ሌሊትም ቢሆን ሂዱ። እስኪነጋ አትጠብቁ።

9. ልጅ ሲያስቀምጠው

አንዱን ፓኬት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጡ። በስኒ በጥቂቱ፣ በየጊዜው። ጡቱም አይቋረጥ። ጤና ኬላው ዚንክ ይሰጣችኋል፤ ተቅማጡ ቢቆምም ለ10 ቀን ይጨረስ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ደም ከተቀላቀለበት ወደ ጤና ጣቢያ።

10. ሪፈር ስትጻፉ፣ ወደ ቤት ስትመለሱ

ሪፈር ሲጻፍላችሁ ወረቀቱን ሳትይዙ አትውጡ። በመድህን የምትታከሙ ከሆነ ያለ ሪፈር ሆስፒታል ሄዳችሁ ወጪው በእናንተ ሊሆን ይችላል፤ ድንገተኛ ካልሆነ በስተቀር። ወረቀቱ ላይ የተሰጣችሁ መርፌና ሰዓቱ መጻፉን እዩ። ከባድ ቃጠሎ ሲሆን ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ፣ ለምሳሌ ወደ የካቲት 12 ሆስፒታል ሊላክ ይችላል፤ መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ብርድ ልብስና አስታማሚ ይዘጋጅ።

ቁስላችሁ ከተሰፋ ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ መቼ ልመለስ? በስንት ቀን ይታሸግ? ውኃ ይንካው? ስፌት ፊት ላይ በ5 ቀን ገደማ፣ ራስ ቅል ላይ በ7፣ እጅ ላይ ከ7 እስከ 10፣ እግርና መገጣጠሚያ ላይ ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይወጣል። በቤት ምላጭ አታውጡት። ስፌት ማውጣት ጤና ጣቢያ ላይ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

ከቀጠሮው በፊት ቁስሉ ዙሪያው ከቀላ፣ ከሞቀ፣ መግል ከያዘ፣ ከሸተተ ወይም ትኩሳት ከመጣ ቀኑን አትጠብቁ። መንጋጋ መክፈት ካቃተ ወይም አንገት ከደረቀ ደግሞ ጤና ጣቢያም አትቆዩ፣ በቀጥታ ሆስፒታል።